ለትምህርት የሚውል ዲጂታል ቪዲዮ፡- ዕቅድ፣ ቀረጻና ቅንብር በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ሁኔታ

ከአዲስ አበባ በጎጃም በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የሚገኙት እንጅባራና ዳንግላ የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ዋና ከተሞች ናቸው። የአስተዳደሩ መቀመጫ እንጅባራ ከአዲስ አበባ 447 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ ጭጋግና ዝናብ የሚያዘወትራት ደጋማ ከተማ ስትሆን፣ ዳንግላ ደግሞ ከባሕር ዳር በስተደቡብ ምዕራብ በ80 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በእነዚህ ከተሞችም ሆነ በሌሎች የዞንና የወረዳ ከተሞች የሚገኙ የትምህርት፣ የግብርናና የጤና ጽሕፈት ቤቶች ለሥልጠናና ለግንዛቤ ማስጨበጫ የሚሆን ቪዲዮ ራሳቸው ማዘጋጀት የሚችሉበት ጊዜ ላይ ደርሰዋል። ቀደም ሲል አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ብቻ ሊያሟላው ይችል የነበረውን መሣሪያ ዛሬ አንድ ጥሩ የእጅ ስልክና አንድ መካከለኛ አቅም ያለው ኮምፒውተር ይተኩታል።

ይሁንና መሣሪያው በእጅ መግባቱ ብቻውን የሚያስተምር ቪዲዮ አያስገኝም። በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሚቀረጹ ምስሎች በአብዛኛው የስብሰባ መክፈቻ ንግግር፣ የጉብኝትና የምረቃ ሥነ ሥርዓት መሆናቸው ለማንም የተሰወረ አይደለም። እነዚህ ለዜናና ለሪፖርት ይጠቅማሉ፤ ለአንድ አርሶ አደር ኖራ እንዴት እንደሚበተን፣ ለአንዲት እናት የሕፃን ምግብ እንዴት እንደሚዘጋጅ፣ ለአንድ ተማሪ ሐይቅ ከእሳተ ገሞራ አፍ እንዴት እንደሚፈጠር ግን አያሳዩም። የሚያስተምር ቪዲዮ የሚለየው ካሜራው ከመውጣቱ በፊት በሚወሰኑ ነገሮችና በሚታይበት ክፍል ውስጥ ላለው መምህር ወይም ባለሙያ በሚተወው ቦታ ነው። ይህ ጽሑፍ የሥራውን ደረጃዎች በቅደም ተከተል ያቀርባል።

ከፕላዝማ የተገኘ ትምህርት

በሀገራችን ቪዲዮ ለትምህርት በስፋት ጥቅም ላይ የዋለው በ1997 ዓ.ም በተጀመረውና በሕዝቡ ዘንድ «ፕላዝማ» በሚል ስም በሚታወቀው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሳተላይት ሥርጭት ነው። ሂሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ እንግሊዝኛና ሌሎች ትምህርቶች በደቡብ አፍሪካ ተቀርጸው፣ በእንግሊዝኛ ቋንቋ፣ በመላ ሀገሪቱ ለሚገኙ ክፍሎች በአንድ ሰዓት ይተላለፉ ነበር። ዓላማው የሚያኮራ ነበር፤ በገጠር ከተማ የሚማር ተማሪ በአዲስ አበባ ከሚማረው ጋር አንድ ዓይነት ትምህርት እንዲያገኝ፣ ቤተ ሙከራ በሌለበት ትምህርት ቤትም ሙከራው በዓይን እንዲታይ ማድረግ ነው።

በተግባር የታየው ችግርም በብዙ ጥናቶችና በመምህራን አስተያየት ተመዝግቧል። ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ ትልቁን ድርሻ ሥርጭቱ ይወስድ ስለነበር ለክፍሉ መምህር የሚቀረው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበር። ተማሪው ጥያቄውን አንብቦ ሳይጨርስ መልሱ በመስኮቱ ላይ ይመጣል፤ ሥርጭቱ ቀጥታ በመሆኑ ማቆምም ሆነ መመለስ አይቻልም፤ መብራት ከጠፋ ትምህርቱ አለፈ ማለት ነው። የእንግሊዝኛው ፍጥነትና የአነጋገር ቅላጼም ከተማሪዎቹ የቋንቋ አቅም በላይ እንደነበር በተደጋጋሚ ተገልጿል። የምስሉ ጥራት ከፍተኛ ሆኖ ሳለ ትምህርቱ የከበደው የሚያየውን ሰው ፍጥነትና ቋንቋ ስላልጠበቀ፣ መምህሩንም ተመልካች ስላደረገው ነው።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም በኮቪድ-19 ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ትምህርቱ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዲቀጥል ጥረት መደረጉ የሚታወስ ነው። በዚያን ጊዜም ቴሌቪዥንና መብራት በሌለበት ቤት የሚገኝ ተማሪ ከትምህርቱ ውጭ መሆኑ ታይቷል። ስለዚህ በዞን ወይም በወረዳ ደረጃ ቪዲዮ ለማዘጋጀት የሚነሳ መሥሪያ ቤት በቅድሚያ ሊመልሳቸው የሚገቡ ጥያቄዎች «ማን ያየዋል? በየት ሆኖ ያየዋል? ሲያየው አጠገቡ ማን አለ?» የሚሉት ናቸው።

ከአርሶ አደሩ መንደር የተገኘ ልምድ

ለእነዚህ ጥያቄዎች የተሻለ መልስ የሰጠው አሠራር የተገኘው በግብርናው ዘርፍ ነው። በህንድ ሀገር በ1998 ዓ.ም ገደማ የተጀመረው የዲጂታል ግሪን አሠራር ከግብርና ሚኒስቴር ጋር በመተባበር በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በቀድሞው የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልሎች ተግባራዊ ሆኗል። በዚህ አሠራር ቪዲዮው የሚቀረጸው በአካባቢው ባለሙያዎች ሲሆን፣ በምስሉ ላይ የሚታዩትም የዚያው አካባቢ አርሶ አደሮች ናቸው። ርዝመቱ ከ10 ደቂቃ ብዙም አይበልጥም። የሚታየውም በባትሪ በምትሠራ አነስተኛ ፕሮጀክተር፣ ጥቂት አርሶ አደሮች በተሰበሰቡበት ቦታ ሲሆን፣ የግብርና ልማት ሠራተኛው ምስሉን እያቆመ ይጠይቃል፤ ያስረዳል፤ በኋላም ማን እንደሞከረው ማሳው ድረስ ሄዶ ይከታተላል።

በ2009 ዓ.ም የመኸር ወቅት በጤፍ፣ በስንዴና በበቆሎ ላይ የተጀመረ ሰፊ የመስክ ጥናት፣ በቪዲዮ የታገዘው የኤክስቴንሽን አገልግሎት ከተለመደው አሠራር ይልቅ ብዙ አርሶ አደሮችን እንደሚደርስና የተመከሩትን አሠራሮች የመቀበል ዝንባሌንም እንደሚጨምር አሳይቷል።

በዚሁ በአማራ ክልል በፎገራ ወረዳ በ2004 ዓ.ም አካባቢ ደግሞ የዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም ባለሙያዎች አርሶ አደሮች ራሳቸው ካሜራ ይዘው ስለ መሬትና ውኃ አያያዝ ችግሮቻቸው እንዲቀርጹ አድርገዋል። ፊልሙ ስያሜውን ያገኘው «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ከሚለው ብሂል ሲሆን፣ የተዘጋጀውም ለሥራ ኃላፊዎች እንዲታይ ነው። ቪዲዮ ከላይ ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ከታች ወደ ላይም ሊያስተምር እንደሚችል ይህ ልምድ ያመለክታል።

ዕቅድ፡- ካሜራው ከመውጣቱ በፊት

ዕቅድ የሚጀምረው ከአንድ ዓረፍተ ነገር ነው። «ይህን ቪዲዮ ያየ ሰው ከዚህ በፊት ያላደረገውን ምን ያደርጋል?» ለሚለው ጥያቄ በአንድ ዓረፍተ ነገር መልስ ካልተገኘ ቀረጻ መጀመር የለበትም። «ስለ አፈር አሲዳማነት ግንዛቤ መፍጠር» የሚለው መልስ በቂ አይደለም፤ «አርሶ አደሩ ኖራውን ከዘር በፊት አስቀድሞ በትኖ በእርሻ ከአፈሩ ጋር ይቀላቅላል» የሚለው ግን ሊቀረጽም፣ ሊለካም የሚችል ዓላማ ነው።

ይኸው የአሲዳማ አፈር ጉዳይ ለአዊ አካባቢ የቀረበ በመሆኑ ለምሳሌነት እንውሰደው። ከሀገሪቱ የሚታረስ መሬት 40 በመቶ ያህሉ በአሲዳማነት የተጎዳ እንደሆነ ይገመታል። ከፍተኛ ዝናብ የሚያገኙት የባንጃና የአካባቢው ደጋማ ወረዳዎች ችግሩ ጎልቶ ከሚታይባቸው ቦታዎች ይመደባሉ። የአፈሩ ፒኤች ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየም የሰብሉን ሥር ይጎዳል፤ ፎስፈረስም በአፈሩ ተይዞ ይቀራል። በዚህ የተነሳ አርሶ አደሩ ማዳበሪያ ጨምሮም ምርቱ አይጨምርለትም። መፍትሔው ኖራ ነው፤ ነገር ግን ኖራው ከዘር ጋር እኩል ቢጨመር፣ በአንድ ቦታ ቢከመር ወይም ሳይታረስ ላዩ ላይ ቢቀር የሚጠበቀውን ውጤት አይሰጥም። ቪዲዮ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። በቃል ሲነገር የሚምታታው ቅደም ተከተል በዓይን ሲታይ ግልጽ ይሆናል።

ዓላማው ከተወሰነ በኋላ ይዘቱ በትዕይንት ይከፋፈላል። ለስምንት ደቂቃ ቪዲዮ የሚከተለውን ክፍፍል መጠቀም ይቻላል፡- ችግሩን የሚያሳይ መግቢያ 45 ሴኮንድ፤ የአፈር ናሙና አወሳሰድ 90 ሴኮንድ፤ በምርመራው ውጤት መሠረት ኖራውን መመዘን 90 ሴኮንድ፤ መበተን 90 ሴኮንድ፤ አርሶ መቀላቀል 60 ሴኮንድ፤ ቢያንስ አንድ ወር ያህል ቆይቶ መዝራት 45 ሴኮንድ፤ ኖራ የተደረገበትንና ያልተደረገበትን ማሳ ማነጻጸር 60 ሴኮንድ። ድምሩ 480 ሴኮንድ ወይም ስምንት ደቂቃ ይሆናል። ከዚያም ምስሉ የሚቆምባቸው ሁለት ወይም ሦስት ቦታዎች ተለይተው፣ በእያንዳንዳቸው ላይ የሚቀርበው ጥያቄ አብሮ ይጻፋል።

የቪዲዮው ማጠር የተመልካቹን ትኩረት ለመጠበቅ የሚደረግ ነው። በ2006 ዓ.ም ይፋ የሆነና ከስድስት ሚሊዮን በላይ የቪዲዮ እይታዎችን የመረመረ የአሜሪካ ጥናት በኢንተርኔት የሚማሩ ተማሪዎች አንድን የትምህርት ቪዲዮ በትኩረት የሚከታተሉት በመካከለኛ ስሌት ለስድስት ደቂቃ ያህል እንደሆነ አመልክቷል። ረዥም ርዕስ ሲያጋጥም አንድ የ30 ደቂቃ ቪዲዮ ከማዘጋጀት ይልቅ በአራት ወይም በአምስት አጫጭር ክፍሎች መከፋፈል ይመረጣል።

የጊዜ ሰሌዳው ከበጀት ዓመቱ ይልቅ ከሥራው ወቅት ጋር መጣጣም አለበት። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 ይዘጋል። ለቪዲዮ የተያዘ ገንዘብ በሰኔ ወር ተጣድፎ ሥራ ላይ እንዲውል ከተደረገ ግን የሚቀረጸው በዚያ ሳምንት የሚገኘው ነገር ብቻ ይሆናል። በምሳሌያችን ናሙና የሚወሰደውና ኖራ የሚበተነው ከዘር ቀደም ብሎ ሲሆን፣ ውጤቱ የሚታየው ሰብሉ በደረሰበት በጥቅምትና በኅዳር ነው። ሥራው ሁለት የበጀት ዓመቶችን ስለሚነካ ይህ በዕቅድ ዝግጅት ወቅት ከፋይናንስ ክፍሉ ጋር አስቀድሞ ሊታሰብበት ይገባል።

ቋንቋ፡- የመጀመሪያው የቴክኒክ ውሳኔ

በ1999 ዓ.ም በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ መሠረት የዞኑ ሕዝብ ከ980 ሺህ በላይ ሲሆን፣ 45 በመቶ ያህሉ አፍ መፍቻ ቋንቋው አውንጊ ነው፤ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ደግሞ አማርኛ ይናገራል። ስለሆነም ለመላው ዞን የሚዘጋጅ ቪዲዮ ከመነሻው በሁለቱም ቋንቋዎች እንዲቀርብ ሆኖ መታቀድ አለበት።

ይህም ቀረጻውን የሚመለከት ውሳኔ ነው። ማብራሪያው ሁሉ በአንድ ተናጋሪ አፍ የሚነገር ከሆነ ወደ ሌላ ቋንቋ መመለስ አስቸጋሪ ይሆናል። ሥራው በምስል እየታየ ማብራሪያው ከበስተጀርባ በሚሰማ ድምፅ የሚቀርብ ከሆነ ግን ተመሳሳዩን ምስል በአማርኛም በአውንጊም ማቅረብ ይቻላል። ትርጉሙ የሚወስደው ጊዜ ከመጀመሪያው ጋር እኩል ስለማይሆን በየትዕይንቱ መጨረሻ ላይ ጥቂት ሴኮንዶች ትርፍ ምስል መቅረጽ ያስፈልጋል።

«ጸሐይ መማር ትወዳለች» የተሰኘው የሕፃናት ዝግጅት በዚህ ረገድ ጥሩ ምሳሌ ነው። ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ ሼን ኤትዘንሃውዘር በአነስተኛ አቅም፣ በእጅ በተሠራች የቀጭኔ አሻንጉሊት የጀመሩት ይህ ዝግጅት በ1999 ዓ.ም አካባቢ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን መታየት ጀምሮ ዓለም አቀፍ ሽልማቶችን አግኝቷል። ቆይቶም በሌሎች የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ተዘጋጅቷል።

የቋንቋ ሥራው ለተርጓሚ ብቻ መተው የለበትም። የግብርና ወይም የጤና ቃላት በአውንጊ ተናጋሪው ዘንድ በምን እንደሚጠሩ የሚያውቀው የአካባቢው ሰው ነው። በእንጅባራ የሚገኙት የመምህራን ትምህርት ኮሌጅና ዩኒቨርሲቲ በዚህ በኩል ለመሥሪያ ቤቶች የሙያ እገዛ ሊያደርጉ የሚችሉ ተቋማት ናቸው።

ቀረጻ፡- የሚሠሩ እጆች፣ የሚታዩ ፊቶች

ለአንድ አነስተኛ የቀረጻ ቡድን የሚያስፈልገው መሣሪያ ጥቂት ነው። ካሜራ ወይም ጥሩ ስልክ፣ ባለ ሦስት እግር መቆሚያ፣ ከደረት ላይ የሚሰካ ማይክራፎን፣ የጆሮ ማዳመጫ፣ ሁለት ሚሞሪ ካርድና ቢያንስ ሁለት ባትሪ ይበቃሉ። ከእነዚህ ውስጥ ለቁጠባ ሲባል በብዛት የሚታለፉት መቆሚያውና ማይክራፎኑ ናቸው፤ የቪዲዮን ጥራት በይበልጥ የሚወስኑትም እነዚሁ ናቸው።

አንድ ሥራ ሲቀረጽ በሦስት ዓይነት ርቀት መያዝ አለበት። የሩቅ ምስል ማሳውንና ሥራው የሚከናወንበትን ቦታ ያሳያል። መካከለኛው ምስል ሠራተኛውንና የያዘውን መሣሪያ ያሳያል። የቅርብ ምስል ደግሞ እጁን፣ የኖራውን መጠን፣ የአፈሩን ጥልቀት ያሳያል። በሚያስተምር ቪዲዮ ውስጥ ዋናው የቅርብ ምስል ነው። አርሶ አደሩ ሲናገር ብቻ ከተቀረጸና እጁ ካልታየ ተመልካቹ ያገኘው ንግግር እንጂ ትምህርት አይደለም። እያንዳንዱ ምስል ካሜራው ሳይንቀሳቀስ ቢያንስ 10 ሴኮንድ መያዝ አለበት። ካሜራውን ወዲያና ወዲህ ማዞርና በተደጋጋሚ ማቅረብና ማራቅ ተመልካቹን ያደክማል፤ ለቅንብርም አይመችም። እጅን ለማሳየት ካሜራው ከሠራተኛው ፊት ለፊት ሳይሆን ከትከሻው በላይ ቢቆም ተመልካቹ ሥራውን ራሱ እንደሚሠራው አድርጎ ያየዋል፤ ቀኝና ግራውም አይምታታበትም።

ብርሃንን በተመለከተ የተሻለው ሰዓት ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊትና ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። በእኩለ ቀን ፀሐይ ከባርኔጣና ከጥምጥም በታች ያለውን ፊት ጥላ ይሸፍነዋል። በአካባቢው ጎልቶ የሚታይ ሌላ ችግርም አለ። ነጭ ጋቢ የለበሰ ወይም ነጠላ የለበሰች ሰው ሲቀረጽ፣ እንዲሁም ከኋላ ብሩህ ሰማይ ሲኖር፣ ካሜራው ብርሃኑን በራሱ ሲለካ ለነጩ ስለሚያደላ ፊቱ ይጠቁራል። ስለዚህ የብርሃን ልኬቱን በእጅ አስተካክሎ ፊት ላይ መውሰድ፣ ወይም ሰውየውን ዛፍና አጥር ከበስተኋላው እንዲሆን አድርጎ ማቆም ያስፈልጋል።

በክፍል ውስጥ ሲቀረጽ የሚታየው የብርሃን መርገብገብ የሚመጣው ከፍሎረሰንት አምፖል ነው። የሀገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ በመሆኑ ካሜራው በሴኮንድ 25 ምስል፣ የመዝጊያው ፍጥነት ደግሞ በ50ኛ ሴኮንድ ላይ ቢሞላ ችግሩ ይቃለላል። በእንጅባራ ዓይነት ቅዝቃዜና ጭጋግ በሚበዛበት ስፍራ ካሜራው ከቀዝቃዛ ቦታ ወደ ሞቃት ክፍል ሲገባ ሌንሱ ላይ እርጥበት ይቋጥራል፤ በቦርሳው ውስጥ እንዳለ ጥቂት ጊዜ ማቆየት ይጠቅማል። ቅዝቃዜ የባትሪን ዕድሜም ያሳጥራል።

ዞኑ ከባንጃ ደጋ እስከ ጃዊ ቆላ የሚዘረጋ መሆኑም መዘንጋት የለበትም። በደጋው ማሳ የተቀረጸ የእርሻ ምክር ለጃዊ አርሶ አደር የእሱ ጉዳይ መስሎ አይታየውም። በወረዳው የማይበቅል ሰብልና የማይታወቅ መሣሪያ የሚታይበት ቪዲዮ «ይህ ለሌሎች ነው» የሚል ስሜት ያሳድራል።

ለትምህርት ቤቶችም አካባቢው ራሱ ቤተ ሙከራ ነው። ከእንጅባራ ብዙም የማይርቀው የዘንገና ሐይቅ በእሳተ ገሞራ አፍ ላይ የተፈጠረ በመሆኑ፣ የጂኦግራፊ መምህር ከጠርዙ ላይ ሆኖ ክብ ቅርጹን፣ ገደላማ ዳርቻውንና ድንጋዩን በማሳየት በመጽሐፍ በሥዕል ብቻ የሚታየውን ማስረዳት ይችላል። በ1932 ዓ.ም የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ታሪክም በትምህርት ቪዲዮ ሊቀርብ የሚችል ነው። በዚህ ጊዜ ግን የጥር 23ቱን በዓል ትርዒት ብቻ መቅረጽ አይበቃም፤ የፈረስ አያያዙን፣ የኮርቻና የልጓም አሠራሩን፣ አባቶች ስለ ማኅበሩ አመሠራረት የሚናገሩትን መያዝ ያሻል።

ድምፅ

ተመልካች ጥራት የጎደለውን ምስል ይታገሣል፤ የማይሰማ ድምፅን ግን አይታገሥም። በካሜራው ላይ ያለው ማይክራፎን ከሁለት ሜትር በላይ ርቆ የሚናገርን ሰው ከነፋሱ፣ ከመኪናውና ከዶሮው ድምፅ ለይቶ አይወስድም። ስለዚህ ማይክራፎኑ በተናጋሪው ደረት ላይ፣ ከአፉ አንድ ስንዝር ያህል ርቆ መሰካት አለበት። በሜዳ ላይ የነፋስ መከላከያ ስፖንጅ ይደረግበታል። አንድ ሰው በጆሮ ማዳመጫ እየተከታተለ ካልቀረጸ ስህተቱ የሚታወቀው ቢሮ ከተመለሱ በኋላ ነው። የድምፁ መጠን ከፍተኛው ነጥብ ላይ ሲደርስ ከዜሮ በታች ከ12 እስከ 6 ዴሲቤል መካከል ቢሆን ይመረጣል። በአካባቢው ድምፅ ብቻ፣ ማንም ሳይናገር፣ ለ30 ሴኮንድ መቅረጽም በቅንብር ጊዜ ክፍተትን ለመሙላት ይጠቅማል።

ቅንብር

ከቀረጻ የተመለሰ ቡድን የመጀመሪያ ሥራው ቅጂ ማስቀመጥ ነው። በሴኮንድ 50 ሜጋ ቢት የሚመዘግብ ካሜራ በአንድ ሰዓት 22.5 ጊጋ ባይት ያህል ይይዛል። ይህ ሁሉ በሁለት የተለያዩ ሃርድ ዲስኮች ላይ ሳይገለበጥና በሁለቱም ሳይከፈት ሚሞሪ ካርዱ መደምሰስ የለበትም። ፋይሎቹ ቀኑን፣ ወረዳውንና ርዕሱን በሚገልጽ ስም ቢቀመጡ ባለሙያው ቢዛወር እንኳ ተተኪው ያገኛቸዋል።

ለቅንብር ዳቪንቺ ሪዞልቭ፣ ሾትከትና ኬደንላይቭ የተባሉት ፕሮግራሞች ያለ ክፍያ ይገኛሉ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ አነስተኛ አቅም ላላቸው ኮምፒውተሮች ይስማማሉ። የሥራው ቅደም ተከተል እንደሚከተለው ቢሆን ይመረጣል። በመጀመሪያ በጽሑፉ መሠረት ጥሩዎቹን ምስሎች መምረጥና በቅደም ተከተል መደርደር፤ ቀጥሎ ማብራሪያውን መቅዳትና የምስሎቹን ርዝመት ከድምፁ ጋር ማስማማት፤ ከዚያ ጽሑፍና ሥዕላዊ መግለጫ መጨመር፤ በመጨረሻም ድምፁንና ቀለሙን ማስተካከል።

በዚህ ደረጃ የሚፈጸሙ ስህተቶች በአብዛኛው ከማብዛት የሚመጡ ናቸው። ማብራሪያ በሚሰማበት ጊዜ ሙዚቃ ከበስተኋላ ማሰማት፣ የሚነገረውን ሁሉ ቃል በቃል በመስኮቱ ላይ መጻፍ፣ ከአንድ ምስል ወደ ሌላው ሲታለፍ ልዩ ልዩ ማሽከርከሪያ መጠቀም ትምህርቱን ይሸፍኑታል። በመልቲሚዲያ ትምህርት ጥናቱ የሚታወቀው አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ሪቻርድ ሜየር፣ ምስልና ንግግር በአንድነት ሲቀርቡ ተመሳሳዩን ቃል በጽሑፍ መደጋገም ትምህርቱን እንደማያጠናክር፣ ለዓላማው የማያስፈልግ ማስዋቢያም እንደሚጎዳ አሳይቷል። በጽሑፍ መቅረብ ያለበት ቁጥር፣ መጠንና ስም ብቻ ነው።

በግዕዝ ፊደል የሚጻፉ ጽሑፎችም ጥንቃቄ ይሻሉ። የኢትዮጵያ ፊደል ከ1992 ዓ.ም ገደማ ጀምሮ በዩኒኮድ የተካተተ ቢሆንም፣ ቀደም ሲል በመሥሪያ ቤቶች በስፋት ያገለገሉት የፓወር ግዕዝና የቪዡዋል ግዕዝ የቆዩ ፊደላት በዚህ ሥርዓት የተሠሩ አልነበሩም። በእነሱ የተተየበ ጽሑፍ ወደ ቅንብር ፕሮግራሙ ሲገለበጥ የማይነበብ ምልክት ይሆናል። ኒያላን፣ አቢሲኒካን ወይም ኖቶን መጠቀም ይህን ያስቀራል። አውንጊ በአማርኛ ውስጥ የማይገኝ ድምፅ የሚጻፍበት ተጨማሪ ፊደል ስላለው፣ የተመረጠው የፊደል ዓይነት ይህን መያዙን አስቀድሞ ማረጋገጥ ይገባል።

ሙከራና ሥርጭት

ያለቀ የሚመስል ቪዲዮ ለኃላፊ ከመቅረቡ በፊት ለአምስት ወይም ለስድስት ተመልካቾች መታየት አለበት። ተመልካቾቹም የተዘጋጀላቸው ሰዎች እንጂ የመሥሪያ ቤቱ ባልደረቦች መሆን የለባቸውም። «ወደዳችሁት?» ብሎ መጠየቅ አይጠቅምም፤ ይልቁንም «አሁን ያያችሁትን በቅደም ተከተል ንገሩን» ማለት ነው። ከስድስት ሰዎች ሦስቱ ኖራው ከዘር ጋር እኩል ይጨመራል ብለው ከመለሱ ስህተቱ የቪዲዮው ነው። በአሜሪካ በ1969 እ.ኤ.አ መታየት የጀመረው «ሰሰሚ ስትሪት» የተሰኘው የሕፃናት ዝግጅት ገና ከመጀመሪያው እንዲህ ባለ ሙከራ እየተስተካከለ መሠራቱ ለስኬቱ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ነው።

የመጨረሻው ቅጂ በሁለት መጠን ቢዘጋጅ ይመረጣል፤ አንዱ በሙሉ ጥራት ለመዝገብ፣ ሌላው ለሥርጭት። በ1280 በ720 ነጥብ፣ በሴኮንድ በ2 ሜጋ ቢት የተዘጋጀ የስምንት ደቂቃ ቪዲዮ 120 ሜጋ ባይት ያህል ብቻ ይሆናል። ይህ በፍላሽ ወይም በሚሞሪ ካርድ ከስልክ ወደ ስልክ ለማስተላለፍ ይመቻል። ኢንተርኔት በማይደርስበት ቀበሌ ዋናው የሥርጭት መንገድም ይኸው ነው። ቅርጹ ኤምፒ4 ቢሆን በአብዛኞቹ ስልኮችና ቴሌቪዥኖች ይከፈታል። ያም ሆኖ ወደ ቀበሌ ከመላኩ በፊት በሚታይበት መሣሪያ ላይ መሞከር ያስፈልጋል።

ከቪዲዮው ጋር አንድ ገጽ የአጠቃቀም መመሪያ መላክ አለበት። መመሪያው ምስሉ በየትኛው ደቂቃ እንደሚቆም፣ ምን እንደሚጠየቅ፣ ተመልካቾች በእጃቸው ምን እንደሚለማመዱ ይገልጻል። በፕላዝማው ጊዜ ለመምህሩ ያልተሰጠው ሥልጣን፣ ማለትም ምስሉን የማቆም፣ የመመለስና የመጠየቅ ሥልጣን፣ በዚህች አንድ ገጽ ይሰጠዋል።

ፈቃድና ሕግ

ሰውን መቅረጽ ኃላፊነት አለው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰዎችን የግል መረጃ አያያዝ የሚደነግግ ሲሆን፣ የሰው ምስልና ድምፅም ማንነቱን የሚገልጽ መረጃ ነው። ከቀረጻ በፊት ቪዲዮው ለምን እንደሚውልና የት እንደሚታይ በሚገባው ቋንቋ አስረድቶ ፈቃዱን በጽሑፍ መውሰድ፣ ለሕፃናት ደግሞ የወላጅን ወይም የአሳዳጊን ፈቃድ መያዝ ተገቢ ነው። በጤና ተቋም የሚገኝ ታካሚ ፊት ያለ ፈቃዱ መታየት የለበትም። ሙዚቃና የሌላ ሰው ምስል ሲወሰድም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ና ማሻሻያው ሊታወሱ ይገባል። የፈቃድ ወረቀቶቹ ከቪዲዮው ጋር በአንድ መዝገብ ቢቀመጡ በኋላ ለሚነሳ ጥያቄ መልስ ይሆናሉ።

ለኃላፊዎች የሚቀርብ መለኪያ

በሪፖርት ላይ «በዚህ ዓመት 12 ቪዲዮዎች ተዘጋጅተዋል» የሚለው ቁጥር ብዙ አይናገርም። የሥራ ኃላፊው ሊጠይቃቸው የሚገቡ ጥያቄዎች ሌሎች ናቸው፤ ቪዲዮው በስንት ቀበሌ፣ በየትኛው ቋንቋ ታየ? ሲታይ ያቆመውና ያስረዳው ማን ነው? ካዩት ሰዎች ስንቱ ሥራውን በማሳቸው፣ በቤታቸው ወይም በክፍላቸው ሞከሩት? ያልሞከሩትስ ለምን?

የመጨረሻው ጥያቄ በተለይ ሊታለፍ አይገባም። አርሶ አደሩ ኖራውን ያልበተነው ቪዲዮው ስላልገባው ሳይሆን ኖራው በጊዜው ስላልደረሰው ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ መስተካከል ያለበት ቪዲዮው ሳይሆን አቅርቦቱ ነው፤ ይህንንም ለይቶ የሚያሳውቀው ክትትሉ ብቻ ነው። ስለሆነም ቪዲዮ ለማዘጋጀት የሚጠየቅ በጀት ከቀረጻው ወጪ ጎን ለጎን የማሳያውን፣ የትርጉሙንና የክትትሉን ወጪ አብሮ ሊይዝ ይገባል።